የማንን ልስማ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ስለ ታዳጊ ልጆች ኳስ ቡድን የቀረበ ንግግር። በዕለቱ መገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል።)



 እኛ የሰፈሩን ልጆች ኳስ ቡድን የምናሰለጥነው ሁለት ሰዎች ነን። አሰልጣኝ ስንባል የምስክር ወረቀት ያለን እንዳይመስላችሁ። በልጅነታችን በዚሁ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ስናባርር ያደግን፣ ዛሬ ደግሞ ከእንጀራችን ተርፎ የሚገኘውን ጊዜ ለልጆቹ የምንሰጥ ሰዎች ነን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከሊቅነት ሳይሆን ከስሕተት የተገኘ መሆኑ ይታወቅልን።

የመጣንበት ጉዳይ ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር የተደረገው ጨዋታ ነው። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ያልነበራችሁም ሰምታችኋል፤ በዚህ ሰፈር የማይሰማ ነገር አለ እንዴ? 2 ለ 1 ተሸንፈናል። በመሸነፋችን ግን አይደለም የተነሣነው። ኳስ ነውና አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። የተነሣነው በመጨረሻዎቹ ስድስት ደቂቃዎች እኛ ትልልቆቹ ስላደረግነው ነገር ነው።

ጨዋታው ጧት በ1 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ነበር። ኳሷ ስትነፋ መርፌው ተሰበረ፤ ሌላ መርፌ ተፈልጎ እስኪመጣ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። በኛ ቆላ 1 ሰዓትና 2 ሰዓት ተኩል አንድ እንዳልሆኑ ለእናንተ አይነገርም። ጨዋታው ግማሹ 30 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ልጆቻችን ጥሩ ተጫውተው 1 ለ 0 መሩ። ጐሏን ያስገኘው በቀኝ መስመር የሚሮጠው ደቃቃው ልጅ ነበር። ከዕረፍት መልስ እነሱም አገቡና አቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኳሷ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር ሁሉም ነገር ጠበበ።

እስከዚያ ድረስ በደኅና ነበር የቆምነው። ከዚያ በኋላ ግን እኛንም የሆነ ነገር ገባብን። ደቃቃውን ልጅ አስወጣንና በቁመቱ ተማምነን አንድ ትልቅ ልጅ ከኋላ አስገባን። ያ ልጅ በልምምድ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከኋላ ተጫውቶ አያውቅም። የመሐሎቹን ልጆች «ወደ ኋላ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!» ማለት ጀመርን። ከበሩ በስተጀርባ የቆሙት አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ደግሞ በረኛውን «ውጣ! ውጣ!» ይሉታል። እኛ ከጐን «ግባ! በርህን አትልቀቅ!» እንላለን። በዚህ መካከል ከመሐል ሜዳ አንዲት ረጅም ኳስ መጣች። ልጁ ሁለት እርምጃ ወጣ። ቆመ። አንድ እርምጃ ተመለሰ። ኳሷ በደረቀው መሬት ላይ አንዴ ነጥራ በአናቱ ላይ አለፈች።

ቀጥሎ የሆነውን መናገር ያሳፍራል። አንድ ሰው «እጁ ቅቤ ነው ወይ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። እኛም ብንሆን አልተሻልንም፣ እጃችንን ራሳችን ላይ ጭነን ፊታችንን አዞርን። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ያያል እኮ! የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የታላቅ ወንድሙን ጓንት አውልቆ ከበሩ ቋሚ ሥር አስቀመጠና ማንንም ሳያነጋግር ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ለልምምድ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም። ሐሙስ ማታ ጓንቱን ይዘን ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ቶናው ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሉን፤ «ልጁ እንቅልፍ የለውም። እኔን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። እማዬ፣ አሰልጣኞቹ ግባ ይሉኛል፣ እነ ጋሼ ውጣ ይሉኛል፤ የማንን ልስማ? ይለኛል። እስቲ እናንተ ንገሩት።»

እኛም የምንነግረው አልነበረንም። ቡናውን ጠጥተን፣ ጓንቱን አስቀምጠን ወጣን። (እናቱም ልጁም ስማቸው ካልተጠራ ነገሩ እንዲነገር ፈቅደውልናል።)

ከዚያን ማታ ጀምሮ ሁለታችን በዚህ ነገር ስንነጋገር ከረምን። ስንነጋገርም አንድ የቆየ ጨዋታ ትዝ አለን። በዚህ ስብሰባ ከተቀመጡት አባቶች መካከል በልጅነታቸው በሬዲዮ የሰሙት ይኖሩ ይሆናል። እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አገራችን ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ቀደም ሲል የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ነበረች። እኛንም በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና 4 ለ 0 አሸንፋናለች። እንግዲህ ልጆቻችን ወደ ሜዳ ሲገቡ ስምንት ጐል ተሸክመው ነው የገቡት ማለት ይቻላል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ናቸው።

ጨዋታውን ደቂቃ በደቂቃ እንከተለው። በ35ኛው ደቂቃ ግብፅ አገባች፤ አግቢው ባዳዊ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ እየተመሩ መሮጥ ነው። በ74ኛው ተክሌ አቻ አደረገ። አገር ተነሣ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ በ75ኛው ያው ባዳዊ ደገመና 2 ለ 1 ሆነ። አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ደስታው ገና ከአፍ ሳይወጣ። በ84ኛው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። በ101ኛው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫው ቀረልን።

ስለዚያ ቀን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ዋንጫው ነው። እኛን ግን ያሳሰበን በ75ኛውና በ84ኛው መካከል ያሉት ዘጠኝ ደቂቃዎች ናቸው። እስቲ አስቡት። በዘጠኝ ደቂቃ አሰልጣኝ አዲስ ነገር ሊያስተምር አይችልም። በሞላ ስታዲየም ጩኸት ውስጥ ከጐን የሚጮህ የአንድ ሰው ድምፅ መሐል ሜዳ አይደርስም። ተጫዋች መቀየር እንኳ በዚያ ዘመን በዓለም ዋንጫ ላይ አልተጀመረም ነበር፤ የተጀመረው ሜክሲኮ ላይ በ1962 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች በዘጠኙ ደቂቃ የተጠቀሙበት ሁሉ ቀድመው የያዙት ስንቅ ነበር፤ ይኸውም ልምምዳቸው፣ እርስ በርስ መተዋወቃቸውና አብሯቸው የሚሮጠው አምበላቸው ነው።

አራተኛዋን ጐል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ በኋላ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ፣ በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አገራችን ስትወስድ ቡድኑን የመራው እሱ ነው። ፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ሆኖ በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያለቀው። ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደግሞ አሰልጣኝ ምን ይሠራል? ኳሷ 11 ሜትር ላይ ተቀምጣ መቺውና በረኛው ብቻ ናቸው የሚተያዩት። አሰልጣኙ ሥራውን ቀደም ብሎ ጨርሷል፤ ካልጨረሰም አልፎታል።

ልጆቹ ራሳቸው ይህ ሁሉ የአያቶች ወሬ ነው ብለው ሊሰሙን አልፈለጉም። ስለዚህ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ያዩትን አነሣንላቸው። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቡድናችን ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ። በዚያን ጊዜ በሰው ሜዳ የገባ ጐል ብልጫ ይሰጥ ስለ ነበረ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በተደረገው የመልስ ጨዋታ እስከ ዕረፍት አንድም ጐል አልገባም። የተደናገጠ ቡድን ቢሆን ከዕረፍት መልስ ኳሷን ወደ ሰማይ እየለጋ ሰዓቱን በጨረሰ ነበር። የሰውነት ቢሻው ልጆች ግን የያዙትን ጨዋታ አልለቀቁም። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ በአጭር ጊዜ ልዩነት አገቡና አገራችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ሳላዲንን እናውቀዋለን!» አሉና ጆሮ ሰጡን።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ያደረግነው ሦስት ወር የተለማመዱትን አስጥለን አዲስ ጨዋታ ለማስተማር መሞከር ነው። ያውም በጩኸት። ያውም በሁለት በሚጣረስ ጩኸት።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ የነገሩ ግማሽ እሱ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ በ1954ቱ ጭማሪ ሰዓት ከፍታው እንግዶቹን አድክሞ የረዳን ይመስለናል። ከተማችን ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ሲና ወጥተን ስንጫወት ልጆቻችን ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ የደብረ ሲና ልጆች ቁልቁለቱን ወርደው እዚህ ሲመጡ ደግሞ በ3 ሰዓት ፀሐይ ፊታቸው በርበሬ ይመስላል። ለቆላው የተወለዱት የኛዎቹም ቢሆኑ ከብረት አልተሠሩም። የደከመና የተጠማ ልጅ ድምፅ ይሰማል እንጂ ነገር አይገባውም። የእግር ኳስ ሕግ ራሱ ለውሃ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ፣ ሙቀቱ ሲበረታም ለመቀዝቀዝ ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ ጨዋታው እንዲቆም ይፈቅዳል። እኛ ግን በዚያች ቅዳሜ በሁለተኛው ግማሽ አንድ ጊዜም አላስቆምንም፤ ሰዓት ይባክናል ብለን።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ እንናገረውና እንለፍ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ እነዚህ ልጆች ገና ሕፃናት ነበሩ። በአካባቢያችን ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ የሆነውንም እናንተ ታውቃላችሁ። ከመካከላቸው በድንገተኛ ጩኸት ክው ብለው የሚቀሩ እንዳሉ በልምምድ ላይ አይተናል። ሜዳ የመጡት ለመጫወት ነው።

ታዲያ ምን አደረጋችሁ? ብትሉን፣ የጀመርነው ነገር ይህ ነው። በልምምዳችን መጨረሻ ላይ «ስድስት ደቂቃ» የምንለው ጨዋታ አለ። ልጆቹን ለሁለት ከፍለን ውጤቱ 1 ለ 1 ነው እንላለን፤ ስድስት ደቂቃ እንሰጣለን፤ እኛ ሁለታችን ከግራሩ ሥር ቁጭ ብለን አንድ ቃል አንናገርም። የመጀመሪያው ቀን አስቂኝ ነበር። ኳስ በያዙ ቁጥር ዞር እያሉ ወደኛ ያያሉ፤ አንደኛው ልጅማ ኳሷን አቁሞ «ለማን ልስጥ?» ብሎ ጠየቀን። ሰማዩን አየን። በሁለተኛው ቀን ተጣሉ። በሦስተኛው ቀን አምበሉ መናገር ጀመረ፤ «አንተ እዚያ ቁም፣ እኔ አለሁ» ይላል። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት። ሦስት ወር ሙሉ «ተነጋገሩ! ተነጋገሩ!» እያልን ስንጮህባቸው አንድም ቀን አልተነጋገሩም ነበር። ለካ እኛ ነን ክፍተቱን የሞላንባቸው!

የበረኛውን ነገር ደግሞ እንዲህ ወስነናል። መውጣትና አለመውጣት የበረኛው ነው። ሲወጣ «የኔ!» ይላል፤ ተከላካዮቹ ይለቁለታል። ወጥቶ ቢሳሳት ውሳኔው የሱ ነበር፤ ትክክል ነው፣ በሚቀጥለው ይማርበታል። እኛም አባቶችም በዚህ አንገባም። ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣም መቺዎቹ በልምምድ ቀን ይታወቃሉ፤ በጨዋታው ቀን ማንም ልጅ ተገፍቶ አይወጣም።

ደቃቃውን ልጅ ይቅርታ ጠይቀነዋል። «ለምን አስወጣችሁኝ?» ሲለን «ፈራን» አልነው፤ እውነቱ ይኸው ነውና። ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜ ማንም ልጅ ጨዋታው ስለ ጠበበ ብቻ አይወጣም፤ ሁሉም ቢያንስ አንድ ግማሽ ይጫወታል። ከዚህም በላይ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የኳስ ሕግ በታዳጊዎች ጨዋታ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ለመፍቀድ ለየአገሩ ፌዴሬሽን በሩን ከፍቷል። የኛ የሰፈር ግጥሚያ ስለ ሆነ ከታችኛው ሰፈር አሰልጣኞች ጋር ተነጋግረን በዚሁ ተስማምተናል። እንዲያውም ነገሩን ስናነሣላቸው ሳቁና «እኛም ያን ቀን ስንጮህ ድምፃችን ተዘግቶ ነው የገባነው» አሉን። አሸንፈው ነበርና ማንም አልጠየቃቸውም።

ይህን ነገር አስቀድመን ለጥቂት ወላጆች ስናማክር አንድ አባት ተቆጡ። «ታዲያ የገዛ ልጄን ላላበረታታው ነው?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማበረታታት ሌላ፣ ማዘዝ ሌላ ነው ብለን መለስንላቸው። «አይዞህ» ይቻላል። ማጨብጨብ ይቻላል፣ ስሙን መጥራትም ይቻላል፤ እልልታም ካለ ደስ ይለናል። «ውጣ»፣ «ግባ»፣ «ምታው»፣ «ስጠው» ግን አይቻልም። ዳኛውንም መሳደብ አይቻልም፤ ሰውዬው በነጻ የሚያጫውት ጎረቤታችን ነው፣ ከጨዋታው በኋላ በእድር የምንገናኘው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ወደ ቤት ሲሄዱ በመንገድ ላይ ስለ ጨዋታው አትመርምሩት። ራቦት ይሆናል፤ እሱን ጠይቁት። ኳሱን ማውራት ከፈለገ እሱ ይጀምረዋል።

እኚያ አባት አሁንም ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለንም። ነገር ግን ገመዱን እኔ አመጣለሁ ብለዋል፤ ለዚህ እናመሰግናቸዋለን።

ገመድ ያልነው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከታችኛው ሰፈር ጋር የመልስ ጨዋታ ስላለን ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ስለዚህ እንደ ተለመደው ቅዳሜ ጧት ሆኗል። ገመዱ ከሜዳው መስመር ሦስት እርምጃ ወጣ ብሎ ይወጠራል፤ ሁላችንም ከገመዱ ውጪ እንቆማለን። ከሁለቱም በሮች በስተጀርባ ማንም አይቆምም፤ ይህን በተለይ አደራ እንላለን። በመስመሩ ላይ የሚናገረው ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ አንዱ፣ በሁለተኛው ሌላው። እኛ ራሳችን ተሳስተን አብረን ስንጮህ ከሰማችሁን አስታውሱን፤ አንቀየምም።

በረኛው ልጅ ትናንት ለልምምድ መጥቷል። ጓንቱን ግን አላመጣም። በር ላይ ቁም አላልነውም፤ ሲፈልግ መሐል ተጫወተ፣ ሲፈልግ ተቀመጠ። «ስድስት ደቂቃ»ውን ስንጀምር ግን ማንም ሳይጠራው ሄዶ በባዶ እጁ በር ላይ ቆመ። ቅዳሜ ይቆም እንደ ሆነ እሱ ይወስናል፤ እባካችሁ መንገድ ላይ ስታገኙት አትጠይቁት።

ጨዋታው በ1 ሰዓት ይጀመራል። ሁለት መርፌ ገዝተናል። በየግማሹ መሐል ለውሃ ጨዋታው ይቆማል፤ ውሃ እናመጣለን ያላችሁ እናቶች ጀሪካኖቹ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ከግራሩ ሥር ቢደርሱልን፣ ፀሐይ ሳያገኛቸው ጥላው ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን። ኩባያ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው አንዲት ጣሳ ነበረች ለሃያ ሁለት ልጅ።